የኔታ የማይሰጡን ነገር

(በቀድሞ ተማሪዎች ማኅበራችን የመገናኛ ጉባኤ ላይ ደብረ ማርቆስ ከተማ ከቀረበ ንግግር። የንግግሩ ለዛ እንዳይጠፋ አዘጋጆቹ ብዙ አልነካኩትም።)



አዘጋጆቹ ደውለው «ስለ መምህርነት ሃያ ደቂቃ ንገሪን» ሲሉኝ መጀመሪያ የሳቅሁት በደቂቃው ነው። እኛ ሐኪሞች ሃያ ደቂቃ ሲሰጠን ምን እንደምናደርግበት አናውቅም። በተመላላሽ ክፍል እኮ በሃያ ደቂቃ አራት ሰው አይተን አምስተኛውን «ግባ» ብለናል። ርእሱ ግን አላሳቀኝም። ከተመረቅሁ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ ከዚያ ውስጥ ብዙውን ተማሪና ኢንተርን አስከትዬ ዎርድ እየዞርሁ ነው ያሳለፍሁት። «መምህር ማለት በትክክል ምን የሚሠራ ሰው ነው?» ብሎ የጠየቀኝ ግን አንድም ሰው የለም። ለእናንተም ያው ይመስለኛል። ሐኪም ሆነን ተመረቅን፣ አንድ ቀን ዞር ስንል ከኋላችን ተማሪ ተሰልፎ አየን፣ በቃ መምህር ሆንን።

ስለዚህ መልሱን ከሕክምና መጽሐፍ ሳይሆን እዚሁ ከእግራችን ሥር ልፈልገው አሰብሁ። ያለነው ጎጃም ነው። ከዚህች ከተማ፣ ከጥንቷ መንቆረር፣ በየትኛውም አቅጣጫ ብትወጡ ቅኔ ቤት አታጡም። ወደ ምዕራብ ደብረ ኤልያስ አለ። በቢቸና በኩል ዲማ ጊዮርጊስ፣ ከዚያም ደብረ ወርቅና መርጡለ ማርያም አሉ። ራቅ ሲል ጎንጅ ቴዎድሮስና ዋሸራ። ሊቃውንቱ የቅኔ ቤት ሲቆጥሩ ዋድላ፣ ጎንጅ፣ ዋሸራ ይላሉ፤ ከሦስቱ ሁለቱ የዚህ አገር ናቸው። መምህር ምን እንደሚሠራ ለብዙ መቶ ዓመታት ሲፈተንበት የኖረ ቦታ ላይ ተሰብስበን ስለ መምህርነት ከውጭ የመጣ ስላይድ ብናይ ትንሽ ያሳፍራል።

እኔ ቅኔ ቤት አልገባሁም። የማውቀው በአጎቴ በኩል ነው። እሳቸው በልጅነታቸው ደበሎ ለብሰው፣ አኩፋዳ አንግተው፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያሉ ቁራሽ ለምነው የተማሩ ሰው ናቸው። ከእሳቸው የሰማሁትንና በኋላ ራሴ ሄጄ ያየሁትን ነው የምነግራችሁ። እዚህ ያላችሁ የቅኔ ሰዎች ጸያፍ ካገኛችሁብኝ አርሙኝ፤ ወጉም እንደዚያ ነው።

ተማሪው ንባብ ቤት ዳዊት ደግሞ፣ ብዙውን ጊዜም ዜማ ቀምሶ ነው ቅኔ ቤት የሚገባው። መጀመሪያ የግእዝ ግስ ያጠናል፤ ግሱን ያረባል፤ አገባብ ይማራል። ይህን የሚያስጠኑት በአብዛኛው ቀድመውት የገቡት ተማሪዎች ናቸው። ከዚያ በሁለት ቤት በምትቆመው በጉባኤ ቃና ይጀምርና ዘአምላኪየ፣ ሚበዝኁ፣ ዋዜማ፣ ሥላሴ እያለ እየወጣ ስምንት ቤት ካለው ከመወድስ ይደርሳል። ያን ሲጨርስ «ሙሉ ቤት» ይባላል።

እኔን የሚገርመኝ ግን የቀኑ ሥርዓት ነው። ተማሪው ከጎጆው ወጥቶ ብቻውን ከወይራ ወይም ከጽድ ሥር ይቀመጣል። ቅኔ ይቆጥራል። ወረቀት የለም፣ እርሳስ የለም። ሰሙን ያነሣል፣ ወርቁን ይፈልጋል፣ ቤቱን ይለካል፣ ያፈርሳል፣ እንደገና ይቆጥራል። ሰዓቱ ሲደርስ ከየኔታ ፊት ይቀርብና የቆጠረውን ይናገራል፤ ይህ ነገራ ይባላል። የኔታ ይሰማሉ። ቤቱ ከጎደለ፣ አገባቡ ከተፋለሰ፣ ሰምና ወርቁ ካልተገጣጠመ እዚያው ያርማሉ፤ የማይታረም ከሆነም ሂድ ደግመህ ቁጠር ይላሉ። ቀጥሎ ሁለተኛው ተማሪ፣ ቀጥሎ ሦስተኛው። ከዚያ የኔታ ራሳቸው አዲስ ቅኔ ይዘርፋሉ፣ ምሥጢሩንም ይፈታሉ። ትናንት የዘረፉትን ዛሬ አይደግሙትም። ተማሪውም የሰው ቅኔ የራሱ አስመስሎ ቢያቀርብ ነውር ነው።

አሁን አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ንባብ ቤት ልጁ መምህሩ ያሉትን ይደግማል። ዜማ ቤትም እንደዚያው ነው፤ ድጓውን መምህሩ እንዳዜሙት ካላዜመ አልተማረም። ቅኔ ቤት ሲገባ ነገሩ ይገለበጣል፤ መምህሩ ያሉትን ከደገመ አልተማረም። የኔታ ግስ ይሰጡታል፣ አገባብ ይሰጡታል፣ ልክ ይሰጡታል፣ በየቀኑ ምሳሌ ይሰጡታል። ወርቁን ግን አይሰጡትም። ስለሚሰስቱ አይደለም፤ ሊሰጡት ስለማይችሉ ነው። የተሰጠ ወርቅ የሌላ ሰው ወርቅ ነው።

ሐዲስ ዓለማየሁን አስቡ። እዚሁ አጠገባችን እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ተወልደው በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ የተማሩ ናቸው። በ1958 ዓ.ም. «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሲያወጡ ከቅኔ መምህሮቻቸው አንዱም ያልተናገሩትን ነገር ነው የጻፉት፤ ቋንቋውን የያዙበት እጅ ግን የቅኔ ቤት እጅ ነው። መምህር የሚሰጠውና የማይሰጠው የሚለየው እንዲህ ባለው ቦታ ነው።

ይህ ነገር የእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ከቻይና ወደ ጃፓን የተሻገረ ዜን የሚባል የቡድሃ እምነት ፈለግ አለ። ዶገን የተባለ ወጣት ጃፓናዊ መነኩሴ እ.ኤ.አ. በ1223 መምህር ፍለጋ ባሕር ተሻግሮ ቻይና ገባ። ከአንዱ ገዳም ወደ ሌላው ዞሮ በመጨረሻ ሩጂንግ የሚባል መምህር አገኘ፣ እግሩ ሥር ተምሮ በ1227 አገሩ ገባ። ሶቶ የሚባለውን የዜን ቤት በጃፓን የተከለው እሱ ነው። ከዋሸራ ጎንጅ፣ ከጎንጅ ዋድላ ስንቁን አንግቶ የሚዞረውን የእኛን ተማሪ አያስታውሳችሁም?

ሪንዛይ በሚባለው ሌላው የዜን ቤት ደግሞ መምህሩ ለተማሪው ኮዋን የሚባል ጥያቄ ይሰጠዋል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው ሃኩዊን የሚባለው መምህር ለምሳሌ የአንድ እጅ ድምፅ ምን እንደሆነ ይጠይቅ ነበር። በሒሳብ የሚፈታ አይደለም። ተማሪው ብቻውን ተቀምጦ ያብሰለስለዋል። ከዚያ ለብቻው ከመምህሩ ክፍል ይገባል፣ እጅ ይነሣል፣ መልሱን ያቀርባል። መምህሩ ትንሿን ደወል ካቃጨሉ ጊዜው አልቋል፤ ውጣና ተመልሰህ ተቀመጥ ማለት ነው። ወር ሊፈጅ ይችላል፣ ዓመትም ሊፈጅ ይችላል። መምህሩ መልሱን አይነግሩትም፤ ምክንያቱም የተነገረው መልስ መልስ አይደለም።

እምነቱ ሌላ ነው፣ ግቡም ሌላ ነው። የእኛው በቃል የረቀቀ ነው፣ የእነሱ ከቃል ለመውጣት የሚሞክር ነው። የእኛው በጉባኤ ፊት ይነገራል፣ የእነሱ በዝግ በር። አንድ ናቸው አልላችሁም። የመምህሩ ሥራ ግን በሁለቱም ቤት አንድ ዓይነት ሆኖ ታየኝ። መምህሩ መልስ የሚያድል ሰው አይደለም። ተማሪው ይዞት የመጣው ነገር እውነት የራሱ መሆኑን፣ እውነትም የደረሰ መሆኑን የሚያውቅ ጆሮ ነው።

ወደ ዎርዳችን ልመለስ። ማይትራል ስቴኖሲስን ውሰዱ፣ የልብ በር ጥበት። በልጅነት ባልታከመ የጉሮሮ ቁስለት ይጀምርና ዓመታት ቆይቶ ወጣቷን እናት በእርግዝናዋ ወራት ትንፋሽ አሳጥሮ የሚያመጣብን በሽታ ነው። ድምፁ በመጽሐፍ ላይ ግማሽ ገጽ ነው። ተማሪ በቃሉ ይዞታል። ማዳመጫውን ደረቷ ላይ ሲያደርግ ግን ምንም አይሰማም። ዝቅ ያለ፣ የሚያጉረመርም ድምፅ ነው፤ ላልለመደው ጆሮ ዝምታ ነው የሚመስለው።

ሦስተኛ ዓመት ሳለን አንድ መምህራችን ምን ያደርጉ እንደነበር ልንገራችሁ። በሽተኛዋን በግራ ጎኗ ያስተኟታል። የማዳመጫውን ትንሹን ጎን ከልቧ ጫፍ ላይ ቀስ አድርገው ያሳርፋሉ። «አሁን ከሁለተኛው ድምፅ በኋላ ያለውን ጊዜ ብቻ ስሚ፤ ሌላውን ተዪው» ይላሉ። ተማሪ ሁሉ «ሰማሁ» ይላል፤ ሰማሁ ማለት ምን ያስቸግራል? እሳቸው ግን እዚያ ላይ አያቆሙም። «እንግዲያው የሰማሽውን ጠረጴዛው ላይ በጣትሽ ምቺልኝ» ይላሉ። ያን ጊዜ የሰማውና ያልሰማው ይለያል። ያልሰማውን አይቆጡትም። «ተመለስ፣ ደግመህ ስማ» ነው የሚሉት። እሳቸው በጆሯቸው ሰምተው ሊያቀብሉን አይችሉም ነበር። ያን ድምፅ ማንም ለማንም አይሰማለትም። እኔ ዛሬ ያንን በሽታ ለይቼ የማወቀው ከዚያ ጠረጴዛ የተነሣ ነው።

የበሽተኞቻችን ንግግርም ራሱ ሰምና ወርቅ ነው። የደጋ እናት «ልቤን ያመኛል» ስትል መጽሐፉን ብቻ የያዘ ተማሪ ኢሲጂ ያዛል። እጇን የት እንዳደረገች ያየ ግን ከደረት አጥንቷ በታች፣ ጨጓራዋ ላይ መሆኑን ያስተውላል። ሌላዋም «ልቤን» ትላለች፤ ቀስ ብላችሁ ስትጠይቋት ልጇ አገር ጥሎ ከሄደ ወዲህ ወሬው እንደጠፋባት ትነግራችኋለች። ሦስተኛዋ ደግሞ «ልቤን» ብላ እውነትም ልቧን ሆኖ ይገኛል። ቃሉ አንድ፣ ወርቁ ሦስት። ይህን በየትኛው መጽሐፍ ጽፈን እንጨርሰዋለን? የሚያስተምረው አብሮን ቆሞ፣ ተማሪው የፈታውን ሰምቶ፣ «ሰሙን ይዘሃል፣ ወርቁ አመለጠህ» የሚል ሰው ነው። ኦስለር የሚባለው ታላቅ ሐኪም በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በጆንስ ሆፕኪንስ ተማሪዎቹን ከአዳራሽ አውጥቶ አልጋ አጠገብ ያስተማረው በዚህ ምክንያት ነው። እኛ እሱን ከውጭ እንደመጣ ዘዴ ተማርነው እንጂ የኔታ ያውቁት ነበር።

እንግዲህ ከቅኔ ቤት ሦስት የመምህር ሥራ ለቅሜ አወጣሁ።

አንደኛው እያንዳንዱን መስማት ነው። የኔታ ለመቶ ተማሪ አንድ ጊዜ ተናግረው አይነሡም፤ አንድ በአንድ ይሰማሉ። ስለዚህም ተማሪያቸውን ያውቁታል። አንዱ ቢታመም በነገራ ሰዓት ቦታው ባዶ ይሆናል፤ የት ሄደ ይባላል። ዛሬ አንድ ኢንተርን ለሦስት ቀን ከማደሪያው ባይወጣ ማን ያውቃል? የአእምሮ ጤና ክፍላችን ባልደረቦች ይህን ጥያቄ ለምን እንዳነሣሁት ይገባቸዋል።

ሁለተኛው ጸያፉን በጊዜው መናገር ነው። በቅኔ ቤት ስሕተት የዕለት እንጀራ ነው፤ ማንም በዚህ አይገረምም። ዛሬ የተሳሳተው ነገ ደግሞ ይቀርባል። በእኛ ቤት ግን ስሕተት ወይ አይነገርም፣ ወይ ሲነገር ሰው ይሰብራል። በአንድ ሆስፒታል፣ ስሙን አልጠራም፣ ተማሪ በበሽተኛ ፊት «ደደብ» ሲባል ሰምቻለሁ። ያ ልጅ ያን ቀን የተማረው የልብ ሕመም አይደለም፤ መደበቅን ነው። «አልሰማሁም» ማለት የሚፈራ ተማሪ «ሰማሁ» ይላል። ነገ ሐኪም ሆኖ ያልሰማውን ሰማሁ ብሎ ካርድ ላይ ሲጽፍ ዋጋውን የምትከፍለው ያችው እናት ናት።

ሦስተኛው መመስከር ነው። ተማሪው ሙሉ ቤት ሆኖ፣ ቆይቶ፣ ለሌሎች ሲያስነግር ታይቶ፣ የኔታ ይመሰክሩለታል፤ አስመሰከረ ይባላል። ከዚያ በኋላ በሄደበት አገር «የማን ተማሪ ነህ?» ተብሎ ይጠየቃል። መልሱ የሰው ስም ነው። ስለዚህ የኔታ ባልበሰለ ሰው ላይ ስማቸውን አያስቀምጡም። የእኛስ ፊርማ? ሎግቡክ ተደርድሮ ሲመጣልን ሳንመለከት የምንፈርመው ፊርማ ስንት ነው? ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና አለ፤ ከእሱም በላይ የሙያ ፈቃድ ፈተና አለ። አስፈላጊ ናቸው፤ አልቃወምም። ፈተና ግን ተማሪው የትኛውን ፊደል እንዳከበበ ይነግረናል እንጂ ማታ ብቻውን ተረኛ ሲሆን እጁን የት እንደሚያሳርፍ አይነግረንም። ያን የሚያውቀው አብሮት የቆመ ሰው ብቻ ነው።

ቅኔ ቤትን ገነት አድርጌ እንዳላቀርብ ደግሞ ሌላውንም ልናገር። ለመምህር ብዙ ሥልጣን ከሰጠን፣ ሥልጣኑን የሚጠብቅ አጥር ያስፈልገዋል። ከንባብ ቤት ጀምሮ አለንጋው የታወቀ ነው፤ ብዙዎቻችን በትዝታ እየሳቅን የምናወራው ነገር ልጅ ላይ የደረሰ ጉዳት ነው። አሜሪካ ውስጥም እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በአንዳንድ የዜን ማዕከላት መምህራን ሥልጣናቸውን ለራሳቸው ጥቅምና ፍትወት አውለው ማኅበረሰቡ ተናውጧል። መምህሩ የበቃ ነው፣ አይጠየቅም የሚል እምነት ባለበት ሁሉ ይህ አደጋ አለ፤ ነጭ ጋዋንም ከዚህ ነጻ አያደርግም። ሴቶች ተማሪዎቻችን ለምን ይህን እንደምል ያውቃሉ።

ቅኔ ቤት በዚህ ረገድ ሁለት አጥር ነበረው። አንዱ ተማሪው መምህሩን መርጦ የሚሄድ መሆኑ ነው፤ ካልተስማማው አኩፋዳውን አንሥቶ ወደ ሌላ ጉባኤ ይሻገራል። ሁለተኛው ቅኔው በመጨረሻ የሚለካው በቤተ ክርስቲያን፣ ሊቃውንቱ ባሉበት መሆኑ ነው። እዚያ ሲያምር «ይበል!» ይባላል፤ ካላማረ የማን ተማሪ መሆኑ አያድነውም። መምህሩም ራሳቸው በዚያው ጉባኤ ፊት ይቆማሉ። የእኛ ተማሪ መምህሩን የሚተውበት መንገድ አለው? ቅሬታውን ሳይፈራ የሚያቀርብበት በርስ?

ደግሞም በሩ ለማን ተከፈተ የሚል ጥያቄ አለ። የጽላሎዋ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ በልጅነታቸው የዓይናቸውን ብርሃን ያጡ ሴት ነበሩ። ቅኔን ከአባታቸው ተማሩ፤ በኋላም ራሳቸው የቅኔ መምህር ሆነው ለወንዶቹ ደቀ መዛሙርት ወንበር ዘረጉ። ጎጃም የሚኮራባቸው ሊቅ ናቸው። እኔ ግን ስማቸው በተነሣ ቁጥር ደስታም ቁጭትም ይሰማኛል። ቅኔ ቤት የሚጠይቀው ጆሮና ልብ እንጂ ዓይንም ጾታም አለመሆኑን በሕይወታቸው አሳይተዋል። ያም ሆኖ የምንጠራው ስም ያው የእሳቸው አንድ ስም ነው። አባታቸው የቅኔ መምህር ባይሆኑ ኖሮስ? መምህር ማን እንደሚማር የሚወስን ሰው ጭምር ነው። በር ላይ የሚቆመው እሱ ነውና።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልግባ። በ2004 ዓ.ም. አዲሱ የሕክምና ትምህርት መርሐ ግብር በ13 ተቋማት ሲጀመር፣ ነባሮቹም የሚቀበሉት ተማሪ ሲበዛ፣ ምክንያቱ ግልጽ ነበር፤ አገሪቱ ሐኪም አልነበራትም። ትክክልም ነበር። ዛሬ በጎጃም ወረዳዎች ሐኪም የምታገኙት በዚያ ምክንያት ነው። ነገር ግን ተማሪው በበዛበት ልክ የሚሰማ ጆሮ አልበዛም። በእኛ ጊዜ በአንድ አልጋ ዙሪያ የምንቆመው በጣት የምንቆጠር ነበርን። ዛሬ ከኋላ የቆመው ተማሪ በሽተኛዋን አያያትም፤ የጓደኛውን ጋዋን ነው የሚያየው። እና ምን ያደርጋል? ስልኩን ያወጣል።

ስልኩን አልወቅስም። በዚያ ስልክ ውስጥ ከሁላችን የበለጠ ዕውቀት አለ። ግሱና አገባቡ እዚያ አለ፤ ያውም በሚገባ ተደርድሮ። መምህር ማለት መረጃ የሚያቀብል ሰው ከሆነ እኛ ተበልጠናልና በክብር እንሰናበት። ስልኩ የማይችለው አንድ ነገር ነው። ተማሪዋ «ሰማሁ» ስትል እውነት መስማቷን ማወቅ አይችልም። ያን ብንተው ግን፣ የሚሰማ ሳይኖር ሰማሁ ያለ ትውልድ እናስመርቃለን። ነገ እኛው ታመን አልጋ ላይ ስንተኛ ማዳመጫውን የሚያሳርፍብን እሱ ነው።

ቅኔ ቤት የብዛትን ችግር እንዴት ይፈታው እንደነበር አስቡ። የኔታ አንድ ናቸው፤ ተማሪው ብዙ ነው። መፍትሔው ቀድሞ የገባው ለኋለኛው ማስቀጸሉ፣ የበሰለውም ማስነገሩ ነው። ማስተማር የትምህርቱ አካል እንጂ ከተመረቁ በኋላ የሚመጣ ሹመት አይደለም። ስለዚህ ለፋኩልቲ አባላት ሦስት ልመና አለኝ።

አንደኛ፣ ነገራ ይኑረን። እያንዳንዱ ተማሪ ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ አንድ በሽተኛ፣ ያለ ወረቀትና ያለ ስልክ፣ ለአንድ ሰው ይናገር። አሥር ደቂቃ ይበቃል። የሚሰማው ሰው ሬዚደንት ወይም ኢንተርን ሊሆን ይችላል፤ ግን መስማትን ተምሮ፣ ለሰሚነቱም ዋጋ ተሰጥቶት ይሁን።

ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ ተማሪ ስሙን የሚያውቅ አንድ መምህር ይኑረው። ካልተስማማውም ያለ ምክንያትና ያለ ቂም የሚለውጥበት መንገድ ይኑር።

ሦስተኛ፣ ስንፈርም አይተን እንፈርም።

ለእኛ ለቀድሞ ተማሪዎች ደግሞ፤ አዲስ አበባም ሆናችሁ፣ ሚኒያፖሊስም ሆናችሁ፣ ለንደን፤ ማኅበራችን ኮምፒውተርና አልጋ ሲለግስ ኖሯል፣ እግዜር ይስጥልን። አሁን የምንለምናችሁ ጆሮ ነው። በሳምንት አንድ ተማሪ፣ ግማሽ ሰዓት፣ በስልክ። ንግግር አታዘጋጁ። እሱ ያየውን በሽተኛ ይንገራችሁ፣ እናንተ ስሙት፣ ጠይቁት፣ ጸያፉን አርሙለት። መንገዱ ሰላም ሲሆን ደግሞ መጥታችሁ ሁለት ሳምንት አልጋ አጠገብ ቁሙ። መዝገቡ ከአዳራሹ መውጫ ላይ ተቀምጧል፤ ስማችሁን ሳትጽፉ እንዳትወጡ።

እዚህ ላለው መምህርም አንድ ቃል። የኔታ በዝናም በፀሐይ ወንበራቸውን ሳያጥፉ የሚኖሩት ብቻቸውን አይደለም፤ ደብሩና መንደሩ ይደግፋቸዋል፣ ተማሪው እንጨት ይለቅማል፣ ውኃ ይቀዳል። የመምህርን ኑሮ መደገፍ የትምህርቱ አንድ ክፍል ነበር። መምህር የቤት ኪራይ እያሰበ ልብ ማዳመጥ ያስተምር ማለት ከባድ ነው። ይህን ለሚመለከተው ሁሉ ማኅበራችን በአንድ ድምፅ ሊናገርለት ይገባል።

ሃያ ደቂቃዬን ጨርሻለሁ። ለምሳ ስትወጡ ግን ከአጠገባችሁ የተቀመጠውን ሰው በየትኛው ዓመት ተመረቅህ፣ የት ትሠራለህ ብላችሁ ብቻ አትጠይቁት። የማን ተማሪ ነህ ብላችሁ ጠይቁት፤ የማን ተማሪ ነሽ በሏት። ሁላችንም አንድ ስም እንጠራለን፣ ስሙንም ስንጠራ ፊታችን ሲፈካ ታያላችሁ። ከዚያ ሌላኛውን ጥያቄ ለራሳችሁ አንሡት፤ ዛሬ በዎርዱ ውስጥ ካሉት ልጆች ይህ ጥያቄ ሲቀርብለት የእኔን ስም የሚጠራ ማን ነው?